ጁዶ ላይ መጣል ሲያቅት፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጁዶ የሚሰለጥኑ ወጣቶች ሲገናኙ ቅሬታቸው ተመሳሳይ ነው፦ «በደንብ ገብቼበት ነበር፤ ግን አልወድቅ አለኝ።» መፍትሄ ብለው የሚይዙት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት መጨመርን ነው። ብረት ያነሳሉ፣ ፑሽ አፕ ይሠራሉ፤ በሚቀጥለው ልምምድ ያው ሰው እዚያው ቦታ ላይ ተተክሎ ይጠብቃቸዋል። ውርወራ ሲከሽፍ ብልሽቱ የሚታየው መጨረሻ ላይ ቢሆንም የሚፈጠረው አንድ ሁለት እርምጃ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ መንስኤውን መፈለግ ያለብን ወደ ኋላ እየሄድን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት የመሠረተው ካኖ ጂጎሮ ያወረሰን ትምህርት ውርወራን በሦስት ይከፍለዋል። ኩዙሺ የተጋጣሚን ሚዛን ማናጋት ነው፤ ጹኩሪ ሰውነትን ለመጣል በሚያመች ቦታ ማስገባት ነው፤ ካኬ ደግሞ መጣሉ ራሱ ነው። ብዙ ሰልጣኝ ቀኑን ሙሉ የሚለፋው ሦስተኛው ላይ ሲሆን ችግሩ ያለው አንደኛው ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚደረግ ፍተሻ

የትኛውም ውርወራ ቢያስቸግራችሁ ቀስ ብላችሁ ግቡና ልትጥሉ ስትሉ ቁሙ። ወደ ፊት የሚጥል ውርወራ ከሆነ ሦስተኛ ሰው የጓደኛችሁን ተረከዝ ይመልከትላችሁ። ተረከዙ መሬት ላይ ካረፈ ጥፋቱ የእጃችሁ ነው፤ ሚዛኑ ገና አልተናጋም። ተረከዙ ተነስቶ ሳለ ካልሄደላችሁ ጥፋቱ የእግራችሁና የዳሌያችሁ ነው። ሁለቱም ደህና ሆነው አሁንም ከቆመ ጭንቅላታችሁን እዩ፤ ሳይዞር ቀርቷል ማለት ነው። ወደ ኋላ ለሚጥሉት ደግሞ የምታጠቁትን እግር እንዲያነሳ ጠይቁት። በቀላሉ ካነሳው ክብደቱ እዚያ እግር ላይ የለም፤ ባዶ እግር ማጨድ ደግሞ ማንንም አይጥልም።

ኦሶቶ ጋሪ ስገባ የምወድቀው እኔ ነኝ

ኦሶቶ ጋሪ የተጋጣሚን እግር ከውጭ በኩል አጭዶ ወደ ኋላ መጣል ነው። መንስኤው በአብዛኛው የቆማችሁበት እግር አጭር መቅረቱ ነው። ከተጋጣሚው እግር ፊት ለፊት ታሳርፉትና ደረታችሁ ሳይደርስ እግራችሁን ዘርግታችሁ ታጭዳላችሁ። በዚያች ቅጽበት ሚዛኑ የተናጋው የእናንተ ነው፤ እሱ ደረቱን ገፋ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ከቴኳንዶ ወደ ጁዶ የመጡ ሰልጣኞች ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፤ እግራቸውን ከሩቅ መላክ ስለለመዱ ክብደታቸው ኋላ ይቀራል።

የመቆሚያ እግራችሁን ከተጋጣሚው እግር ጎን፣ ከተቻለም ጥቂት አለፍ አድርጋችሁ አሳርፉ። እጅጌ የያዘው እጅ ወደ ራሳችሁ ዳሌ ይሳብ፤ ኮሌታ የያዘው ክንድ ደግሞ ክብደቱን በዚያው እግር ተረከዝ ላይ ይጫነው። ደረት ከደረት ሳይገናኝ ማጨድ የለም። ስታጭዱ የእግራችሁ ጣቶች ይሾሉ፤ ባታችሁ ከባቱ ጋር ይጋጠም፤ ጭንቅላታችሁ ወደ ፊት ይውረድ። ለልምምድ መጀመሪያ ያለ ማጨድ እርምጃውንና የደረቱን ግንኙነት ብቻ ደጋግሙ። አሰልቺ ነው፤ ግን ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላየሁም።

ሴኦይ ናጌ ላይ ጀርባዬ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል

ሴኦይ ናጌ ተጋጣሚን ጀርባ ላይ አውጥቶ በትከሻ በኩል ወደ ፊት መጣል ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ምክንያቱም በቁመት አጠር ያልን ሰዎች ሁሉ ተስፋ የምናደርግበት ውርወራ ስለሆነ ነው።

አንዲት የኮምቦልቻ ሰልጣኝ ይህን ውርወራ ስትሞክር አይቻለሁ። ጉልበቷ ይታጠፋል፣ ዳሌዋ ዝቅ ይላል፣ የቀኝ ክርኗ ብብት ውስጥ በትክክል ይገባል። ጓደኛዋ ግን አይነሳም፤ እሷም ወገቧን አጉብጣ በጉልበት ልታነሳው ትታገላለች። ከጎን ሆኜ ሳይ በጀርባዋና በደረቱ መካከል በወዲያኛው በኩል ያለው መስኮት ብርሃን ይታይ ነበር። ያ ክፍተት ከየት መጣ? ከግራ እጇ። ለመዞር ስትነሳ እጅጌ የያዘው እጅ ሳታስበው ወደ ቀበቶዋ ይወርዳል፤ እንደ ገመድ መወጠር የነበረበት እጅጌም ይላላል። አሰልጣኙ ስለ ዳሌም ስለ ጉልበትም ምንም አላላት፤ «የእጅ ሰዓትሽን እንደምታዪ አድርገሽ ሳቢ» ብቻ አላት። እጇ ወደ ዓይኗ ከፍታ ወጣ፤ ገና ሳትዞር የጓደኛዋ ተረከዝ ከሸራው ተላቀቀ። ከዚያ በኋላ የሄደው ውርወራ ጉልበት አልጠየቃትም።

ስለዚህ መጀመሪያ የእጅጌውን እጅ መርምሩ፤ ከመዞር በፊት፣ በመዞር ላይ፣ ከዞሩም በኋላ መሳብ ማቆም የለበትም። ቀጥሎ ቀበቶ ከቀበቶ ይተያይ፤ የእናንተ ከእሱ በታች ካልሆነ እየጣላችሁ ሳይሆን እየተሸከማችሁ ነው። ዝቅ የሚባለው ጉልበት በማጠፍ ነው እንጂ ወገብ በማጉበጥ አይደለም። እግሮቻችሁ ከእሱ እግሮች መካከል ይቁሙ፤ ከትከሻ ስፋት በላይ ከተራራቁ ለመነሳት አቅም ያጥራችኋል።

በሁለት እጅ የሚሠራው ሴኦይ ናጌ ክርን ወይም የእጅ አንጓ ካሳመመ፣ ኮሌታ የያዘው ክርን ብብት ሥር ሳይገባ ውጭ ቀርቶ ተጣሟል ማለት ነው። ሕመሙን ችሎ መቀጠል አይገባም። አያያዙን ላላ አድርጋችሁ ክርኑን አስገቡ፤ ካልሆነላችሁ ለጊዜው በአንድ እጅ ወደሚሠራው ኢፖን ሴኦይ ናጌ ተሻገሩ።

በጉልበት ተንበርክኮ መጣልንም ብዙዎች እንደ አቋራጭ ይዘውታል። እኔ ለጀማሪ አልመክርም፤ ስስ ስፖንጅ ላይ ከሆነ ደግሞ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ጉልበት ይጎዳል፣ እግርም መሥራቱን ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ71 ኪሎ ወርቅ ያገኘው ጃፓናዊው ኮጋ ቶሺሂኮ በዓለም የሚታወቀው ቆሞ በሚጥለው ኢፖን ሴኦይ ናጌ ነው። የእሱን ቪዲዮ ስታዩ የሚጣለውን ሰው ትታችሁ እጅጌ የያዘውን እጁን ተከታተሉ።

መነሳት ብቻ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በሦስት ሰው ተለማመዱ። አንዱ የጓደኛችሁን ቀበቶ ከኋላ ይይዛል፤ እናንተ በሙሉ ኃይል ትገባላችሁ፤ እሱ ስለያዘው አይወድቅም። በዚህ መንገድ ያለ ወፍራም መውደቂያ ፍራሽም ቢሆን የመጨረሻውን ኃይል መለማመድ ይቻላል።

በእግር ስጠርግ ቅልጥም ለቅልጥም እንጋጫለን

ደ አሺ ባራይ፣ ማለትም የሚራመደውን እግር በውስጥ እግር መጥረግ፣ ላይ የሰልጣኞች ቅልጥም የሚበልዘው ክብደት የተሸከመ እግር ስለሚመቱ ነው። እግሩ የሚጠረገው ሊያርፍ ሲል ነው፤ ካረፈ አልፏል። ውስጥ እግራችሁን ወደ ውስጥ አዙሩ፤ ትንሿ ጣት ሸራውን እየዳሰሰች ትሂድ፤ እጆቻችሁም ከእግሩ ጋር እኩል ይሥሩ። ልምምዱ ተያይዞ መራመድ ነው፤ ጓደኛችሁ ዓይኑን ጨፍኖ ይራመድ፣ እናንተ እርምጃውን ቁጠሩና በምትመርጡት ላይ ጥረጉ። ርግጫ ከሆነ ተሳስታችኋል።

ኡቺ ማታ ያልፈኛል፣ ወይም እግሬ ብሽሽት ይመታል

ኡቺ ማታ የተጋጣሚን ውስጥ ጭን በጭን ወደ ላይ ጠርጎ መጣል ነው። ሁለቱም ችግሮች ከአንድ ምንጭ ናቸው፤ እጅ ሳይስብ እግር ቀድሟል። እጅጌውን ወደ ላይና ወደ ውጭ ክፈቱ፣ ዳሌያችሁን አስገቡ፣ ጭናችሁ በመጨረሻ ይምጣ። ጭንቅላታችሁን ግን መሬት ላይ ተክላችሁ እንዳትዞሩ። በውድድር ወዲያው ከጨዋታ ያስወጣል፤ የተከለከለበትም ምክንያት አንገት ስለሚሰብር ነው።

በልምምድ ያምራል፣ በራንዶሪ ግን ይጠፋል

ራንዶሪ ሁለቱም ለመጣል የሚሞክሩበት ነጻ ግጥሚያ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ውርወራው መጥፋቱ የብዙ ቡድኖች የጋራ በሽታ ነው፤ መንስኤውም አንዳንዱ ከአዳራሹ ይጀምራል። ስፖንጁ ጠባብ ነው፣ ሰልጣኙ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ኡቺኮሚ (ሳይጥሉ መግባትን መደጋገም) የሚሠራው ተሰልፎ፣ በአንድ ቦታ ቆሞ ነው። ለወራት የቆመ ሰው ላይ የገባ ሰልጣኝ የሚንቀሳቀስ ሰው ሲገጥመው የሚያውቀው ውርወራ የለም። ተራ ግቡ፤ ሁለት ጥንዶች ብቻ ስፖንጁን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን እየተንቀሳቀሱ ይሥሩ፣ ሌላው ይመልከት። መግባትን ብቻ ለመለማመድ ደግሞ ስፖንጅ አያስፈልግም፤ ግቢ ውስጥ ጫማ አድርጎ መሥራት ይቻላል። መጣል ግን ከስፖንጅ ውጭ ፈጽሞ አይሞከር።

ሌላው ልብስ ነው። ጁዶጊ (የጁዶ ልብስ) በማይበቃበት ቦታ በሰልባጅ ጃኬት የሚሰለጥን አለ። እጅጌው ስለሚጠብና ስለሚቀደድ ሰልጣኙ የእጅ አንጓ መያዝ ይለምዳል፤ ጁዶጊ ሲገጥመው አያያዙ ይጠፋዋል። ሰፋ ያለ ወፍራም ጃኬት ፈልጉና ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳችሁ ብብቱንና ትከሻውን በድርብ አሰፉት።

በልጅነቱ መስክ ላይ ትግል የተጋጠመም አለ፤ ሲጨንቀው እጁ በቀጥታ ወደ ተጋጣሚው እግር ይሄዳል። ዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን ይህን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አጥብቆ ከልክሏል፤ ቆሞ እያለ ከቀበቶ በታች በእጅ ማጥቃት ያስቀጣል። ያ የትግል ልምድ ግን ሀብት ነው፤ ሰውየው የሌላውን ክብደት በእጁ ማንበብ ያውቃል። እጁን ወደ እጅጌና ኮሌታ መልሱለት እንጂ ልምዱን አትናቁበት።

ውርወራን ከውርወራ ማያያዝም ይረዳል። ኮኡቺ ጋሪ (እግሩን ከውስጥ በኩል ማጨድ) አስገቡ፤ ተጋጣሚው እግሩን አውጥቶ ሊቆም ወደ ፊት ሲመለስ ሴኦይ ናጌ ይግባ። ሚዛኑን ራሱ አምጥቶ ይሰጣችኋል።

ደሴ ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ውርወራውም ይበላሻል

ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ነች፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። በሀረጎ ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰልጣኝ ልዩነቱ የሚሰማው ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ ነው፤ ጨዋታው ደግሞ አራት ደቂቃ ነው። ሲደክም መጀመሪያ የሚላላው ያው እጅጌ የያዘው እጅ ነው። ደሴ ስትወጡ አዲስ ቴክኒክ ከማሟሟቂያ በኋላ ወዲያው ሥሩ፤ ራንዶሪው መጨረሻ ላይ ይሁን። ስትጥሉ ትንፋሽ አውጡ፤ አምቆ የሚጥል ሰው ቶሎ ይጨርሳል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ባለበት ማለዳ ደግሞ ማሟሟቂያውን አስረዝሙ።

ጓደኛዬ ስለሚደርቅ መለማመድ አልቻልኩም

ሰው የሚደርቀው መውደቅ ስለሚፈራ ነው። በጉልበት ልትጥሉት አትሞክሩ፤ ሁለታችሁም ወደ ኡኬሚ፣ ሳይጎዱ ወደ መውደቅ ልምምድ፣ ተመለሱ። አገጭ ወደ ደረት፣ ክንድ ከጎን አጠገብ ሸራውን ይምታ፤ መጀመሪያ ከቁጢጥ፣ ቀጥሎ ከቁም። አንድ ሰው ሲወድቅ «አብሽር!» ብሎ ማንሳት ጥሩ ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን እጅጌውን እስከ መጨረሻ አለመልቀቅ ነው። የጣይው እጅ ከያዘው ጭንቅላቱ ሸራ አይነካም። ከልምምድ በፊት ስፖንጆቹ መካከል የተከፈተ ስንጥቅ ካለ ገጥማችሁ ሸራውን ወጥሩት፤ የእግር ጣት የሚሰበረው እዚያ ነው።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰልጣኝ፣ ደህና ነኝ ቢልም፣ በዚያ ቀን ወደ ስፖንጁ አይመለስም። ካስታወከው፣ ከደነገረው ወይም ራስ ምታቱ ከበረታ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።