የአያትን አልቦ ሌባ ሳይቀድማችሁ መዝግቡት

ደሴ ፒያሳ ብር ሠሪ ነኝ። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። በጥቅምት 2018 ደግሞ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ገብተው የነገሥታት ጌጥ ሰረቁ። የሉቭሮቹ ስምንት ጌጦች በማግሥቱ የኢንተርፖል (የዓለም አቀፉ ፖሊስ ድርጅት) የተሰረቁ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገቡ፤ ፎቷቸው ነበራ! እናንተ ቤት ያለው ድሪስ?

ፎቶውን በቀን ብርሃን አንሱ። ፍላሽ ይጥፋ፤ ብር በፍላሽ አብረቅርቆ ቅርጹ ይጠፋል። ከፊት፣ ከጀርባ፣ ከጎን፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ። ከዚያ ጉድለቱን በቅርበት፦ የተበየደ ቦታ፣ የጎደለ ሻኩራ፣ ጭረት። ሁለት አልቦ ሊመሳሰል ይችላል፤ ጉድለታቸው ግን አይመሳሰልም። ስለዚህ ከፎቶው በፊት አታስወልውሉት። (ገቢዬ ቢቀርም ልናገር።)

ክብደቱን በግራም ጻፉ። ማርትሬዛ (የድሮው የብር ገንዘብ) ካለበት፣ ላዩ ላይ 1780 የሚለውን እንደ ጌጡ ዕድሜ አትቁጠሩ፤ ኋላ የተመቱትም ያንኑ ዓመት ነው የያዙት። ከማን እንደተወረሰም ጨምሩ።

የኢንተርፖል አይዲ-አርት (ID-Art) የስልክ መተግበሪያ ይህን ሁሉ በነጻ መዝግቦ ለመያዝ ያስችላል። ካልሆነም አንድ ቅጂ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ በቴሌግራም ላኩ፤ ሌባ ስልኩንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።