ለአሮጌው ማሴ ፈርጉሰን 135 የሞተር ዘይት እንዴት ይመረጣል?

ማሴ 135 ትራክተር ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በብዛት የተገጠመለት ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ነው። ያኔ መመሪያው ላይ የተጻፈው ዘይት ዛሬ ሱቅ ውስጥ በዚያው ስሙ ስለማይገኝ፣ ባለሱቁ "የቱን ልስጥህ?" ሲል ብዙዎቻችን ውዱን እንጠቁማለን። ውዱ ግን ለዚህ ሞተር የተሠራ ላይሆን ይችላል።

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛችሁ እዩ። ትራክተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ከጠፋም ሩብ ሰዓት ይለፈው። ጠብታዋን በጣታችሁ አሽታችሁ አሽትቱ። ናፍጣ ናፍጣ ካለ፣ ይልቁንም ሳትጨምሩበት መጠኑ ከፍ ካለ፣ ናፍጣ ከታንከር የምታመጣው ትንሿ ፓምፕ ውስጥ ያለችው ስስ ጎማ ተቀድዳ ናፍጣው ዘይቱ ውስጥ እየወረደ ሊሆን ይችላል። ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል። ይህ ሳይጠገን የሚገዛ ዘይት ገንዘብ መድፋት ነው።

ቀጥሎ ውፍረቱ። ጣሳው ላይ 15ደብሊው-40 (15W-40) ከሚለው ውስጥ የፊተኛው ቁጥር በብርድ ሞተር ሲነሳ ስላለው ጠባይ፣ የኋለኛው ሞተሩ ከጋለ በኋላ ስለሚቀረው ውፍረት ይናገራል። የድሮው መመሪያ እንደ አየሩ ነጠላ 20፣ 30 ወይም 40 ያዝዝ ነበር፤ 15ደብሊው-40 ይህን ሁሉ በአንድ ይዞታል። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ሜዳውን ቢያነጣውም 15ደብሊው የተፈተነው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ነውና አያሳስባችሁ። 5ደብሊው-30 የሚያስፈልገው ደጋ እኛ አገር የለም። ሁመራ ወይም መተማ ሙቀት ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያርስ፣ የተበላ ሞተር ከሆነ 20ደብሊው-50 መሞከር ይቻላል።

ሞተሩ ሲያጨስ "ወፍራም አድርግበት" የሚል መካሪ መቼም አይጠፋም። የማርሽ ሳጥን ዘይት የሆነውን የካምቢዮ 90 የሞላበትም አይቻለሁ። የሚገርመው የካምቢዮ 90 ውፍረት ከሞተር 40 እና 50 ጋር ይቀራረባል፤ ቁጥሩ የገዘፈው መለኪያው ሌላ ስለሆነ ነው። ጭሱን አያጠፋም፣ የናፍጣን ጥላሸት የሚይዝ ቅመምም የለበትም።

ከቁጥሩ ይልቅ ሰው የሚዘላቸው ፊደሎቹን ነው። ጣሳው ጀርባ ላይ "ኤፒአይ" (API፣ የዘይት ደረጃ ምልክት) ከሚለው ቀጥሎ በ"ሲ" የሚጀምረው ለናፍጣ፣ በ"ኤስ" የሚጀምረው ለቤንዚን ነው። ይህ ሞተር ሲሠራ የነበረው ደረጃ ሲሲ እና ሲዲ ነበር፤ ዛሬ እሱን የሚተካው ሲኤች-4 ወይም ሲአይ-4 ነው። እኔ ሲአይ-4ን እመርጣለሁ፤ ሰልፈር የበዛበት ናፍጣ የሚፈጥረውን አሲድ ለመቋቋም የተሻለ አቅም አለው። ሲኬ-4 አይጎዳም፣ ግን ለዚህ ሞተር ትርፍ ወጪ ነው። ኤፍኤ-4 የሚል ካያችሁ አስቀምጡት፤ ለአዳዲስ ሞተሮች የተሠራ ቀጭን ዘይት ነው። የክዳኑ ማሸጊያ የተነካካውንም እንዲሁ ተዉት።

ለዓመታት ቆሞ የነበረ ትራክተር ከሆነ አዲሱ ዘይት ውስጡ የተጋገረውን ዝቃጭ ማላቀቅ ይጀምራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዘይት ከ20 እስከ 30 ሰዓት ካሠራችሁበት በኋላ ከነፊልትሮው ቀይሩት። ከዚያ ወዲህ እኔ በየ100 ሰዓቱ እቀይራለሁ።

ፊልትሮው ብረት ጎድጓዳ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ከሆነ፣ አሮጌዋን የጎማ ቀለበት ከቦዩ ውስጥ በቀጭን እንጨት ፈልፍላችሁ አውጡ። ጠቁራ ብረት ስለምትመስል አትታይም። አንድ ጊዜ ሳላያት አዲሷን በላይዋ ደርቤ አሰርኩና፣ ሞተሩ እንደተነሳ ዘይቱ በጎን ተፍለቅልቆ ሱሪዬን አጠበው።

ፊልትሮውን ጨምሮ የሚይዘው 7 ሊትር ገደማ ነው። መጀመሪያ 6 ሊትር ብቻ ጨምሩ፣ የቀረውን ዘንጉ ላይ ያለውን ምልክት እያያችሁ ሙሉ። የአየር ማጣሪያው ባለ ዘይት ከሆነ ታችኛው ሳህን ውስጥ ያለውንም ጭቃ ጠርጋችሁ በዚያው ዘይት እስከ ምልክቱ ሙሉት። ከምልክቱ አታሳልፉ፤ ሞተሩ ትርፉን ስቦ እንደ ናፍጣ ካቃጠለው ፍጥነቱ ከቁጥጥር ሊወጣ ይችላል።

ሞተሩን አስነሱና ዓይናችሁን ከዘይት ግፊት ጠቋሚው ላይ አታንሱ። ጠቋሚው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልተነሳ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። ሞተሩ ሞቆ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ጠቋሚው ከ30 እስከ 60 ፒኤስአይ (PSI፣ የግፊት መለኪያ) መሃል መቆም አለበት። ከጠፋ በኋላ ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ ዘንጉን ድገሙት፤ አዲሱ ፊልትሮ ጥቂት ጠጥቶ ስለሚሆን ትንሽ መጨመር ይኖርባችኋል።