የግሪስ ትራፕ ችግሮች፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ግሪስ ትራፕ፣ ከወጥ ቤት ሲንክ ከሚወርደው ውሃ ቅባትን የሚለይ ሳጥን፣ ቅባትን አያጠፋም፤ አውጥተው እስኪያስወግዱት ድረስ ይዞ ያቆየዋል እንጂ። ከሲንክ የወረደው ውሃ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ይረጋጋል፣ ይቀዘቅዛል። ቅባቱ ላይ ይንሳፈፋል፣ የምግብ ፍርፋሪው ታች ይዘቅጣል፣ መሃል ያለው ውሃ ብቻ ባፍል በሚባለው መከለያ ሥር ሾልኮ ወደ ፍሳሽ መስመሩ ይወጣል። ውሃው ከፈጠነ፣ ከሞቀ ወይም ሳጥኑ ከሞላ ይህ ሥራ ይበላሻል። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከነዚህ ከሦስቱ የሚመጡ ናቸው።

ሲንኩ ውሃ አላወርድ ሲል

መጀመሪያ ኬሚካል አይድፉ። የትራፑን ክዳን ከፍተው የውሃውን ከፍታ ይዩ፤ መዘጋቱ የት እንዳለ የሚነግርዎት እሱ ነው። ከመክፈትዎ በፊት ቧንቧዎቹን ሁሉ ይዝጉ፣ ብሎኖቹንም ጥቂት በጥቂት እያፈራረቁ ያላሉ። ሳጥኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ከሆነ ክዳኑን በአንዴ ማንሳት ወለሉን በፍሳሽ ያጥለቀልቀዋል።

ውሃው በመውጫው ቱቦ አፍ ልክ ቆሞ ሲንኩ ግን ካልወረደ፣ የተዘጋው ከትራፑ በፊት ነው። በመጀመሪያ የሲንኩን ወንፊት፣ ቀጥሎ ሲፎኑን (ከሲንኩ ሥር ያለውን ጠማማ ቱቦ)፣ ከዚያ መግቢያው ላይ ያለውን የፍሰት መቆጣጠሪያ ይፈትሹ። መቆጣጠሪያው መሃሉ የተበሳ ትንሽ ሳህን ነው። የአጥንት ስባሪ፣ የጠርሙስ ወረቀት ወይም የብረት ሽቦ ጭራሮ ቀዳዳው ላይ ይሰካል። ፈትቶ ማጠብ ይበቃል። ውሃው ቶሎ ይውረድ ብሎ ቀዳዳውን በድሪል የሚያሰፋ፣ ወይም ሳህኑን ጭራሹን አውጥቶ የሚጥል አለ፤ ይህን ያደረገ ሲንኩን አዳነ፣ ትራፑን ገደለ። ውሃው በርትቶ ሲገባ የተንሳፈፈውን ቅባት በጥብጦ ይዞት ይወጣልና።

ከመቆጣጠሪያው አጠገብ ወደ ላይ የሚወጣ ቀጭን የአየር ቱቦ ካለ እሱንም ይዩት። ሽታ ያወጣል ተብሎ በጨርቅ ወይም በፕላስተር ተደፍኖ ይገኛል። ሲደፈን ሲንኩ እየተንዶቀዶቀ በዝግታ ይወርዳል።

ውሃው እስከ ክዳኑ ከደረሰ ግን የተዘጋው መውጫው ወይም ከሱ ወዲያ ያለው መስመር ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ አስቀድመው ቅባቱንና ዝቃጩን ያውጡ፣ ከዚያ በኋላ መውጫውን በመጎርጎሪያ ሽቦ ይክፈቱ። ሳጥኑ እንደሞላ ከጎረጎሩት የያዘው ሁሉ ተከትሎ መስመሩ ውስጥ ይገባል፤ ቀጣዩ መዘጋት ሩቅና መሬት ውስጥ ይሆናል።

ሽታ ሲኖር

ሽታው የሚመጣበትን ሰዓት ያስተውሉ። ዕቃ ሲታጠብ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ገቢው ውሃ አየሩን ገፍቶ በክዳኑ ዙሪያ እያስወጣው ነው። የክዳኑ ጎሚኒ (ማሸጊያ ላስቲክ) የሚያርፍበትን ጠርዝ በመፋቂያ ከቅባት ሙልጭ አድርገው ያጽዱ፤ ጎሚኒው ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ከተደፈጠጠ ይቀይሩት። በሲሊኮን መለጠፍ ለጊዜው ይሠራል፣ ነገር ግን ክዳኑን ለመክፈት አታካች ስለሚያደርገው ጽዳቱ ይረሳል።

ቀኑን ሙሉ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ከታች የተኛው ዝቃጭ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ነው፤ ከመጽዳት ሌላ መድኃኒት የለውም። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲሆን፣ ከውሃው በላይ ያለውን ብረትና ሲሚንቶ ወደሚበላ አሲድ ይለወጣል።

ልክ ከጸዳ በኋላ የሚሸት ከሆነ ደግሞ ሳጥኑ በውሃ ሳይሞላ ተዘግቶ ይሆናል። ውሃ ከሌለ የፍሳሽ መስመሩን ጋዝ የሚያግደው ነገር የለም።

ቅባት አምልጦ ሲያልፍ

ይህ ዝምተኛው ችግር ነው፤ ሲንኩ በደንብ ይወርዳል፣ መስመሩ ግን ውስጥ ውስጡን ይጠብባል። ለማወቅ ከመውጫው በኩል በመስታወት ማሰሮ ውሃ ይቅዱና ለአንድ ሰዓት ያህል ያስቀምጡት። ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ቅባት ከያዘ፣ ያመለጠው ቅባት ነው። እንደ ወተት ነጭቶ አልለይ ካለ ደግሞ ቅባቱን በውሃ ውስጥ የበታተነው ኃይለኛ ማጽጃ ነው።

ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ ውሃ ቅባቱን አቅልጦ ይዞት ይሄዳል፤ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ከሲንክ ሥር ካለ ትንሽ ትራፕ ጋር የማይገናኘውም ለዚህ ነው። የምግብ መፍጫ ማሽንም እንዲሁ፤ እሱ ታቹን በዝቃጭ ይሞላዋል። ባፍሉ ከጽዳት በኋላ ተገልብጦ ወይም ሳይመለስ ቀርቶም ይሆናል። በሳጥኑ ላይ ያለውን የፍሰት አቅጣጫ ቀስት ይመልከቱ፣ ቀስት ከሌለው ባፍሉን ከማውጣትዎ በፊት በማርከር ምልክት ያድርጉበት።

ቅባት ያጠፋሉ ተብለው የሚሸጡ ፈሳሾች አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርጉት ቅባቱን ማሟሟት ነው። ከትራፑ የጠፋው ቅባት ቀዝቅዞ እንደገና የሚረጋው ቱቦው ውስጥ ነው። ባክቴሪያ ያላቸው ምርቶች ይለያሉ፤ ቢሆንም በየጊዜው መጨመር ይፈልጋሉ፣ በረኪና ይገድላቸዋል፣ ጽዳትንም አይተኩም።

ጸድቶ ወዲያው ሲሞላ

ወይ ትራፑ አንሷል፣ ወይ የሚገባበት ቅባት በዝቷል። መጠኑን ለማስላት የሲንኩን ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት በሴንቲሜትር አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ፤ ሊትሩ ይወጣል። 45 በ45 በ30 የሆኑ 3 ሲንኮች 182 ሊትር ይይዛሉ። ሲንክ እስከ አፉ ስለማይሞላ 75 በመቶውን ይውሰዱ፦ 137 ሊትር። በ2 ደቂቃ ይውረድ ከተባለ በደቂቃ 68 ሊትር ነው፤ ስለዚህ ለ75 ሊትር በደቂቃ የተሠራ፣ 18 ኪሎ ያህል ቅባት የሚይዝ ትራፕ ያስፈልጋል።

መጠኑ ትክክል ከሆነ ነገሩ ሲንኩ ላይ ነው። ሳህንና ድስት ከመታጠባቸው በፊት በደረቁ ይፋቁ፣ በወረቀት ይጠረጉ። የመጥበሻ ዘይት በምንም ምክንያት ሲንክ ውስጥ አይደፋም።

መቼና እንዴት ይጽዳ

ቀን ከመቁጠር መለካት ይሻላል። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ቀጥ አድርገው እስከ ታች ያስገቡ፣ የላይኛውን አፍ በአውራ ጣት ደፍነው ያውጡት። የቅባቱና የዝቃጩ ድምር ከጠቅላላው ጥልቀት 25 በመቶ ሲደርስ ይጸዳል፦ 40 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ 6 ቅባት፣ 4 ዝቃጭ ካለ ጊዜው ደርሷል። ከሲንክ ሥር ያሉት ከሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ እዚህ ይደርሳሉ።

ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ይሥሩ፤ ሌሊት የቀዘቀዘ ቅባት ጠንክሮ በጭልፋ ይገፈፋል። ከዚያ ውሃውን በባልዲ ይቅዱ፣ ዝቃጩን ይዛቁ፣ ግድግዳውንና ባፍሉን ይፋቁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁ። የወጣውን ከሰጋቱራ ጋር ደባልቀው በወፍራም ከረጢት ያስሩ። ከተጠራቀመ የመጥበሻ ዘይት ጋር አይቀላቅሉት፤ ዘይቱን ለገዢ የማይሆን ያደርገዋል። ባፍሉን መልሰው፣ ሳጥኑን እስከ መውጫው ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው ይዝጉ።

መሬት ውስጥ የተቀበረ ትልቅ ትራፕ ግን በፍሳሽ መምጠጫ መኪና ነው የሚጸዳው። ማንም ሰው፣ ባዶ ቢሆንም እንኳ፣ አይግባበት፤ ጭንቅላቱንም ወደ ጉድጓዱ አያስገባ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር የከበደ ስለሆነ ታች ይተኛል፣ ሲበዛም የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ አይሸትም ማለት የለም ማለት አይደለም። ሰው ከወደቀበት ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው፤ የመተንፈሻ መሣሪያ ያላቸው የአደጋ ሠራተኞች ይጠሩ።