ከአራት ኪሎ እስከ ሾዋ፦ የዋልታን የስበት ሞገድ በፊኛ መረጃ ማጥናት

አራት ኪሎ ቆሞ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ሰው፣ በዚያው አቅጣጫ ብዙም ሳይዛነፍ ከ8,600 ኪሎ ሜትር በላይ ቢጓዝ፣ በአንታርክቲካ ዳርቻ ደሴት ላይ ወደተተከለችው የጃፓን ሾዋ ጣቢያ አካባቢ ይደርሳል። ስሟ ለጆሯችን ሸዋን የሚያስታውሰው ይህች ጣቢያ በ69 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስና በ39.6 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ስትገኝ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ38.7 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት፤ የሰዓት ቀጠናችንም አንድ ነው። ጣቢያዋም ሆነች በአራት ኪሎ ግቢ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተወለዱት በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957–58) ዘመን ነው። ከጣቢያዋ የሚለቀቁት የአየር መለኪያ ፊኛዎች መረጃ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ያለው ተማሪ የዋልታውን ሰማይ እዚሁ ተቀምጦ ማጥናት ይችላል።

አስቀድሞ የምናጠናውን ሞገድ ስም ማጥራት ይገባል። በአማርኛ «የስበት ሞገድ» ስንል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከጥቁር ጉድጓዶች ግጭት የተመዘገበውንም የአንስታይን ሞገድ በዚሁ ስም ስለምንጠራው፣ አንባቢ በቀላሉ ይሳሳታል። የእኛው የከባቢ አየር ሞገድ ነው። ነፋስ እንጦጦን የመሰለ ተራራ ሲገጥመው ወደ ላይ ይገፋል፤ የወጣው አየር ሲቀዘቅዝ ከአካባቢው ይልቅ ስለሚከብድ ስበት መልሶ ያወርደዋል፤ ሲወርድም ከቦታው አልፎ ይሄድና እንደገና ይነሣል። ይህ መወዛወዝ ሽቅብ በተጓዘ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ስፋቱ ያድጋል፣ በመጨረሻም ይሰበርና የተሸከመውን ግፊት ለነፋሱ ያስረክባል። በዋልታ አካባቢ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፤ ሞገዱ በሚያቀዘቅዘው በኩል የስትራቶስፌርን (ከ10 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ያለውን የአየር ንብርብር) ሙቀት ከዜሮ በታች ወደ 78 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያወርደው፣ ኦዞንን ለሚያጠፋው ኬሚካላዊ ሂደት ገጽ የሚሰጡት የዋልታ ደመናዎች ይፈጠራሉ።

መረጃውን ለማግኘት የሾዋን ዓለም አቀፍ የጣቢያ ቁጥር 89532 ይዘው ወደ ኖዓ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር) የሬዲዮሶንድ፣ ማለትም በፊኛ የሚወጣ መለኪያ፣ ማኅደር ይግቡ። ከማውረድዎ በፊት ግን በተከታታይ ልኬቶች መካከል ያለውን የከፍታ ርቀት ይመልከቱ። ፊኛው በሰከንድ 5 ሜትር ያህል እየወጣ በየሰከንዱ ይለካል፤ ይሁንና በማኅደር የሚቀመጡ ብዙ ፋይሎች የተመረጡ ከፍታዎችን ብቻ ስለሚይዙ፣ በመካከላቸው ብዙ መቶ ሜትር ክፍተት ይኖራል። የምንፈልገው ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ሊሆን ስለሚችል፣ እንዲህ ባለው ፋይል መድከም ከንቱ ነው። ባለሙሉ ዝርዝሩን ፋይል ይፈልጉ።

ፊኛዎቹ የሚለቀቁት በግሪንዊች ሰዓት ለሚቆጠረው ዓለም አቀፍ የ0 እና የ12 ሰዓት ምልከታ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም 9 ሰዓት ናቸው፤ አንዱ ከሌሊቱ፣ ሌላው ከቀኑ። እዚህ ላይ ለዋልታ ብቻ የሚሆን ወጥመድ አለ። የምድር መሽከርከር ለእነዚህ ሞገዶች የሚፈቅደው ረጅሙ ዑደት አዲስ አበባ ላይ 76 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ሾዋ ላይ ግን 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በ12 ሰዓት ልዩነት የተለቀቁ ሁለት ፊኛዎች ዝግተኛውን ሞገድ በተቀራራቢ ደረጃው ላይ ያገኙታልና፣ ሲጓዝ የነበረው ሞገድ የቆመ ይመስላል። ሁለቱን ልኬቶች አነጻጽሮ የሞገዱን ፍጥነት ማስላት አይገባም፤ እያንዳንዱ ልኬት ለብቻው ይመርመር።

ጽዳቱ አጭር ነው። መለኪያው ከፊኛው በረጅም ገመድ ስለሚንጠለጠል እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል፤ ገመዱ 30 ሜትር ከሆነ አንድ ውዝዋዜ 11 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፣ ይህም በነፋሱ መስመር ላይ በየ55 ሜትሩ የሐሰት ሞገድ ይጥላል። መስመሩን ካለሰለሱ በኋላ ልኬቶቹን በእኩል የ50 ወይም የ100 ሜትር ርቀት ያሰልፏቸው።

ሥራው ሁሉ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው ሞገዱን ከመደበኛው ሁኔታ በመለየቱ እርምጃ ላይ ነው። የተለመደው ዘዴ ለሙቀቱ፣ ለምሥራቃዊውና ለሰሜናዊው ነፋስ ለየብቻ የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል ማስማማትና ቀሪውን እንደ ሞገድ መውሰድ ነው። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ ከመሬት እስከ 25 ኪሎ ሜትር ያለውን በአንድ ፖሊኖሚያል አስማምቼ፣ 9 ኪሎ ሜትር አካባቢ ግዙፍ ሞገድ አገኘሁ ብዬ ሳምንት ሙሉ ስከታተለው ሰነበትኩ። በየቀኑ እዚያው ከፍታ ላይ፣ በዚያው ቅርጽ መገኘቱ ነው ያነቃኝ። ሞገድ አልነበረም፤ ትሮፖፖዝ፣ ማለትም የታችኛው የአየር ንብርብር (ትሮፖስፌር) አብቅቶ ስትራቶስፌር የሚጀምርበት ድንበር ነበር። ለስላሳው ፖሊኖሚያል የሙቀቱን ድንገተኛ መታጠፍ መከተል ስለማይችል፣ ልዩነቱን በሞገድ መልክ ይተወዋል። ስለዚህ የታችኛውን ስትራቶስፌር ለብቻው፣ ለምሳሌ ከ15 እስከ 22 ኪሎ ሜትር፣ ትሮፖስፌሩንም ለብቻው ያስማሙ። ከዚያ የፖሊኖሚያሉን ደረጃ በአንድ ጨምረው፣ ድንበሩንም በ1 ኪሎ ሜትር አንቀሳቅሰው ይድገሙት። ሲነኩት የሚጠፋውን ሞገድ አይመኑት።

ቀጥሎ ጉልበቱ ይሰላል። የእንቅስቃሴው ጉልበት የሁለቱ የነፋስ ቀሪዎች ካሬ አማካይ ድምር ግማሽ ነው። እምቅ ጉልበቱን ለማግኘት የሙቀቱን ቀሪ ለመደበኛው ሙቀት አካፍለው የካሬውን አማካይ ይውሰዱ፤ የስበት ፍጥንጥነትንም ለአየሩ የመወዛወዝ ድግግሞሽ (መደበኛው ሙቀት ከከፍታ ጋር ከሚለዋወጥበት መጠን ለሚሰላው) አካፍለው ካሬውን ያብዙበት፤ ውጤቱን ለ2 ያካፍሉ። ይህ ድግግሞሽ በስትራቶስፌር 0.02 ራዲያን በሰከንድ አካባቢ ካልወጣ፣ ወደ ሙቀቱ መስመር ተመልሰው ስሕተቱን ይፈልጉ።

አቅጣጫውን ለማወቅ ሆዶግራፍ ይሣላል፤ ለጀማሪ በእርሳስና በባለካሬ ወረቀት ቢሠራው እመርጣለሁ። የምሥራቁን ቀሪ በአግድም፣ የሰሜኑን በቁም አድርገው፣ ከ16 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ያሉትን ነጥቦች ከታች ወደ ላይ በቅደም ተከተል ያገናኟቸው። ሞገዱ አንድ ብቻና ጥርት ያለ ከሆነ እርሳሱ ሞላላ ክብ ይሠራል። በደቡብ ንፍቀ ክበብ እርሳሱ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ከዞረ የሞገዱ ጉልበት ሽቅብ ይጓዛል፤ በሰሜን ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሞላላው ረጅም ዘንግ የአጭሩ እጥፍ ከሆነ፣ ከነፋሱ ጋር አብሮ ለሚሄድ ተመልካች የሞገዱ ዑደት የ12 ሰዓት ከ50 ደቂቃው ግማሽ፣ ማለትም 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ነፋሱ ከከፍታ ጋር በኃይል የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ዘንጎቹ ስለሚዛቡ፣ ማስተካከያ ሳይደረግ ቁጥሩ አይጻፍ። እርሳሱ በተቃራኒው ቢዞርም ቶሎ አይሰርዙት፤ በዋልታ ክረምት ከላይ፣ ከኃይለኛው የዋልታ አዙሪት ነፋስ የሚመነጩና ቁልቁል የሚወርዱ ሞገዶች ይኖራሉ።

የእኛ ክረምት ሾዋ ላይም ክረምት ነው፤ በሰኔና በሐምሌ ጨለማው ይበረታል። በዚያ ብርድ የፊኛው ጎማ ስለሚደርቅ ያለጊዜው ይፈነዳል። እንግዲህ 22 ኪሎ ሜትር የደረሱትን ፊኛዎች ብቻ መርጦ አማካይ የሚያወጣ ሰው፣ ሳያውቀው እጅግ ቀዝቃዛዎቹን ቀናት ከጥናቱ ያስወጣል፤ የዋልታ ደመናዎቹ የሚፈጠሩት ግን በእነዚያው ቀናት ነው። በየወሩ አማካይ ጎን ስንት ፊኛዎች እንደተለቀቁ፣ ስንቱ እስከ ላይኛው ድንበር እንደደረሱና የቀሩት በምን ያህል ከፍታ እንደፈነዱ በሠንጠረዡ ውስጥ ይመዝግቡ።