አዲስ አበባን በሰፈር ስሞቿ እየተመሩ እንዴት ማየት ይቻላል

እንግዳ ሲመጣብን አብዛኞቻችን የምንወስደው በአንድ መንገድ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን እናሳያለን፣ እንጦጦ እንወጣለን፣ ከዚያ ምሳ እንጋብዛለን። ደግ ነው። ነገር ግን እኔ በዚህች ከተማ ያየኋቸውን በጣም አስገራሚ ነገሮች ያገኘሁት «ይህ ሰፈር ለምን እንዲህ ተባለ?» እያልኩ ነው።

መጀመሪያ ስም ይሰብስቡ። ለዚህ ሥራ የስልክ ካርታ ብዙ አይረዳም፤ ባንኩንና ሆቴሉን ያሳይዎታል፣ ነዋሪው በአፉ የማይጠራቸውን የመንገድ ስሞች ይደረድርልዎታል። ሚኒባስ ታክሲ ይሻላል። ከበሩ አጠገብ ይቀመጡና ረዳቱ የሚጣራውን፣ ተሳፋሪውም «ወራጅ አለ» የሚልበትን ቦታ እየሰሙ ይያዙ፦ ሰባራ ባቡር፣ አፍንጮ በር፣ እሪ በከንቱ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ካዛንቺስ፣ ለገሃር። በሁለት ቀን ውስጥ ገጽ ይሞላል።

ከእነዚህ አንዳንዱ እቤት ተቀምጠው የሚፈታ ነው። ለገሃር በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፤ ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር። ካዛንቺስም ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሩት የመኖሪያ ቤት የቀረ ስም ነው። የቀረውን ግን ሰው ካልነገርዎት አያገኙትም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ፣ መጠየቁ ላይ ነው። እኔም ተሰናክያለሁ። አንድ ጠዋት ሰባራ ባቡር ሄጄ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ፣ በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አንድ አዛውንት «ይህ ቤት ስንት ዓመቱ ነው? ባለቤቱስ ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አዛውንቱ ደብተሬን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተነሥተው ገቡና በሩን ዘጉት። ለማፍረስ የሚመዘግብ ሰው መስያቸው እንደነበር የነገረችኝ ጎረቤታቸው ናት። እኚያን አባት ማስደንገጤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስለዚህ ደብተሩን ቦርሳ ውስጥ ይተዉት። ስለ ቤትና ስለ ባለቤትም በመጀመሪያው ቀን አይጠይቁ።

እንዲህ ያድርጉ። ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ይፈልጉ፣ በርጩማው ላይ ይቀመጡ፣ ቡና ይዘዙ። ቀድመው ስለ ራስዎ ይናገሩ፤ የት ሰፈር እንዳደጉ፣ ወላጆችዎ ከየት እንደመጡ። ከዚያ በዕድሜ ገፋ ያሉትን «አባባ፣ ይህ ሰፈር ስሙን እንዴት አገኘ?» ይበሏቸው። «ታሪካዊ ቦታ አለ?» ብለው ከጠየቁ ግን ወደ ሙዚየም ይልኩዎታል። የስሙ ጥያቄ የሚጠቅመው ሁሉም የየራሱ መልስ ስላለው ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያርመዋል፣ ሦስተኛው ከማዶ ይመጣል። ሰባራ ባቡር ላይ የሰማሁት በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ስላስመጣው የእንፋሎት ተሽከርካሪ ነው፤ ተበላሽቶ ቆሞ ቢቀር ሰፈሩ ስሙን ወረሰ ይላሉ። እሪ በከንቱን ደግሞ ወንዙ ዳር የተዘረፈ ሰው ቢጮህ የሚደርስለት ስለሌለ ነው ይሉታል። ቢያንስ ሦስት ሰው ሳይሰሙ ደብተርዎ ላይ አያስፍሩ።

አንድ መልስ ሌላ ቦታ ይመራል፤ ከዚያ በእግር መሄድ ብቻ ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ሙሶሎኒ በሥልጣን ላይ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ እያሉ እርከን አቆሙ፤ ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ቆመው ይቁጠሩት። ተማሪው በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋል፣ እኔም ለዓመታት አልፌዋለሁ።

ከየካ በላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ያለው ዋሻ ሚካኤል ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለፍልፍል ላሊበላ ድረስ የሚሄድ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን አለማየቱ ይቆጨኛል። በበጋ፣ በጠዋት፣ ከሰው ጋር ይውጡ፤ ጠባቂ ካገኙ ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሡ።

ለመርካቶው ምን አለሽ ተራ የሥራ ቀን ይምረጡና እዚያ የሚሠራ ሰው ይዘው ይግቡ። በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን፣ ያረጀው ጎማ በረባሶ ሲሆን ያያሉ። የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ይደፍናል፤ ሠራተኛው ግን ሥራውን ሲጠይቁት መዶሻውን አስቀምጦ ያስረዳል። መንገድ አይዝጉበት፣ ተሸካሚ «ዞር በል» ሲል ወዲያው ዞር ይበሉ።

ቅደም ተከተል ሲያወጡ አሮጌ የእንጨት ቤቶችን ከሁሉ በፊት ያድርጉ፤ ዐለቱና ደረጃው ይጠብቁዎታል። እኔ ፒያሳን «ቅርብ ነው፣ ሌላ ቀን» እያልኩ አቆየሁት። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ በዝርዝሬ ላይ ገና ያልገባሁባቸው ሦስት ቤቶች ነበሩ። አሁን የማደርገው የቀድሞ ነዋሪዎቹ ወደተዛወሩበት ሄጄ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ድምፃቸውን በስልክ መቅዳት ነው፤ የትኛው በር በየት በኩል እንደነበረ በጣታቸው አየር ላይ እየሣሉ ያሳዩኛል።