የጋሽ ጌታቸው መኩሪያን ያልወጡ ቅጂዎች እንዴት ማደን ይቻላል

የጋሽ ጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን የወደደ ሰው አንድ ቀን መስማት የሚችለውን ሰምቶ ይጨርሳል። የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ከሚሰበስበው የኢትዮጲክስ ተከታታይ አልበም 14ኛው አለው። ዘ ኤክስ ከሚባለው የሆላንድ ባንድ ጋር በ2006 እና በ2012 ያወጧቸውን አልበሞችም ሰምቷል (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከዚያስ? ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምረው በ2016 እስኪያርፉ ሳክስፎን የነፉ ሰው በሦስት አልበም አያልቁም። የቀረው ካሴት ላይ፣ ሸክላ ላይ፣ ሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

መጀመሪያ የሠሩበትን ቤት እወቁ

ስማቸውን ብቻ አትፈልጉ። ሸክላው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዘፋኙ ነው፣ ቀጥሎ ኦርኬስትራው። ሳክስፎኒስቱ ብዙ ጊዜ ስሙ የለም። ስለዚህ የማዘጋጃ ቤት ባንድን፣ ከ1955 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን (የዛሬውን ብሔራዊ)፣ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራን እየተከተላችሁ ፈልጉ።

ከዚያ ጆሯችሁን እመኑ። ጋሽ ጌታቸው ሽለላን ከአፍ ወደ ሳክስፎን ያመጡ ሰው ናቸው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ይጎተታል፣ ፎካሪ እንደሚያደርገው ድንገት ይነሳል። ግን አትቸኩሉ። ተስፋማርያም ኪዳኔም፣ ሞገስ ሀብቴም፣ ቴዎድሮስ ምትኩም ነበሩ። የድሮ ሳክስፎን ሁሉ የጋሽ ጌታቸው አይደለም።

ስምና ዓመት

ዲስኮግስ (የወጡ ሸክላዎችና ካሴቶች የሚመዘገቡበት ድረ ገጽ) ላይ ስትፈልጉ የላቲን አጻጻፉን ቀያይሩ። አንዱ ጌታቸውን በ«ቲ» ይጽፋል፣ ሌላው ያለ «ቲ»። መኩሪያም በ«ዋይ»ም በ«አይ»ም ይገኛል። የካሴት ሽፋን ላይ በእጅ 1966 ተብሎ ከተጻፈ በፈረንጅ 1973 ወይም 1974 ነው። ይህን ረስቶ የያዘውን ቅጂ «ይሄ ሌላ ነው» ብሎ የጣለ ሰው አውቃለሁ።

ሰው ጋ መሄድ

መርካቶና ፒያሳ ያሉትን የድሮ ሙዚቃ ሻጮች ጠይቁ። ዋሽንግተን ዘመድ ካላችሁ ይዟቸው የሄደውን ካሴቶች እንዲያይላችሁ ለምኑት። የጡረታ ሙዚቀኛ ቤት ስትሄዱ ግን ገና ሳትቀመጡ «ስንት ይሸጡልኛል?» አትበሉ። ቡናው ይጠጣ። ወሬው ይምጣ። ካሴቱንም ይዛችሁ አትውጡ፣ ማጫወቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ካሴቱን ማጫወት

ከሁሉም የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጋሼ የሠርግ ካሴት አመኑኝና ሰጡኝ። በመስኮቷ ሳየው የክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ነበረበት። ጓጓሁና ቤት ያለው ቴፕ ውስጥ ከተትኩት። አርባ ሰከንድ ያህል ሽለላ ሰማሁ፣ ቆዳዬ ተነሳ። ከዚያ ቴፑ ካሴቱን በላው። ክሩን በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንኩ መለስኩት፣ የተጨማደደው ቦታ ግን ዛሬም ድምፁ ይጠፋል። አልቀዳሁትም ነበር። ስመልስላቸው ጋሼ ምንም አላሉኝም። ዝምታቸው እስካሁን ይከብደኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማጫወት ቅጂው ይሁን። መጀመሪያ ላፕቶፑ መቅዳት ይጀምር፣ ከዚያ ካሴቱን አስነሱ። «እስቲ መጀመሪያ ልስማው» አይሠራም፤ ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላል።

ሻጋታ ካያችሁ አታጫውቱት፣ ማጽዳት ለሚችል ባለሙያ ስጡት። ንጹሕ ከሆነም ክሩን ሄዱ (ድምፁን ከክሩ የሚያነበው የማጫወቻው ክፍል) ላይ የምትጫነዋን ትንሽ ስፖንጅ እዩ። ከወደቀች ድምፁ ይታፈናል። ቅርፊቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ ፈትታችሁ፣ ከማይረባ ካሴት ያወጣችሁትን ስፖንጅ ተኩባት። ሄዱን በአልኮልና በጥጥ ጥረጉ። ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በሌላ ካሴት ተለማምዳችሁ፣ የጸናጽሉ ድምፅ እስኪጠራ በቀስታ አዙሯት። ርካሹን «ካሴት ወደ ኮምፒውተር» የሚባል ፕላስቲክ አትግዙ። ደህና የድሮ ማጫወቻና ቀላል ሳውንድ ካርድ (ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ዕቃ) ይበልጣል።

ፍጥነቱንም ፈትሹ። ብዙ የቤት ቅጂ ውስጥ የመብራት ጉርምርምታ አለ፣ የኛ አገር መብራት ደግሞ 50 ኸርዝ ነው። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ላይ ስታዩት 53 ገደማ ካሳየ ካሴቱ እየፈጠነ ነው፤ ሳክስፎኑ ግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ብሏል። የማጫወቻው የራሱ ጉርምርምታ እንዳያሳስታችሁ በባትሪ አጫውቱ። አሜሪካ የተገለበጠ ከሆነ 60 ሊመጣ ይችላል።

በዋቭ (ድምፁ ሳይታመቅ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት)፣ በ24 ቢት አስቀምጡ። ጩኸት የሚያጠፋውን ነገር ዋናው ፋይል ላይ አትንኩ። የሳክስፎኑን ትንፋሽ አብሮ ይበላዋል።

ከተገኘ በኋላ

ማን ቀዳው፣ የት፣ መቼ (በሁለቱም አቆጣጠር)፣ ማን ሰጣችሁ፤ በዚያው ዕለት ጻፉት። ቤተሰብ ሳይፈቅድ ኢንተርኔት ላይ አትጫኑ። ለባለቤቱ በፍላሽ አንድ ቅጂ ስጡ። ካሴቱንም እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ፣ አቁማችሁ፣ የወጥ ቤት እንፋሎት የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ራሳችሁ አስቀምጡላቸው።