ለጆርናል ሲጽፉ ከስም ዝርዝሩ ይጀምሩ

የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ጥናታቸውን ወደ ጆርናል ጽሑፍ ለመለወጥ የሚሰናዱ ተመራማሪዎች አስቀድመው የሚጨነቁት ስለ ቋንቋው ጥራትና ስለ ማጣቀሻው አጻጻፍ ነው። ተማሪን ከአማካሪው የሚያቀያይመው ግን ብዙ ጊዜ ከርእሱ ሥር የሚሰፍረው የስም ዝርዝር ነው። ስለዚህ ማን በደራሲነት እንደሚገባና ስሙ በስንተኛ ደረጃ እንደሚሰፍር መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ይነጋገሩ፤ የተስማሙበትንም በኢሜይል ለሁሉም ይላኩ።

በጤናው ዘርፍ በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1978 በቫንኩቨር የተደረገ የአዘጋጆች ስብሰባ የሆነው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ ያወጣው ነው። በዚህ መለኪያ ደራሲ የሚባለው ጥናቱን በመንደፍ፣ ወይም መረጃውን በማሰባሰብ፣ በመተንተን ወይም ትርጉሙን በማብራራት ጉልህ ድርሻ ያለው፣ ጽሑፉን ያረቀቀ ወይም ይዘቱን በጥልቀት መርምሮ ያረመ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀ፣ ስለ ትክክለኛነቱ ጥያቄ ሲነሣም ተጠያቂ ለመሆን የተስማማ ሰው ነው። አራቱም መሟላት አለባቸው። ገንዘብ ያስገኘ ወይም ላቦራቶሪ የፈቀደ ሰው ሌላ ድርሻ ከሌለው ቦታው የምስጋናው ክፍል ነው። መለኪያው ግን ሰውን ማስወጫ ሰበብ እንዲሆን አልወጣም። መረጃውን በመሰብሰብና በመተንተን የደከመ ባልደረባ ረቂቁን የማንበብና የማረም ዕድል ሊሰጠው ይገባል፤ ጽሑፉን ደብቀውት ኖረው «አላረመም» ብሎ ስሙን መሰረዝ ድርሻን መንጠቅ ነው።

እኛ ዘንድ ነገሩን የሚያከብደው ይሉኝታ ነው። ጥናቱን አንድም ቀን ያላዩት የትምህርት ክፍል ኃላፊ ስማቸው ባይገባ ቅር ይላቸዋል ተብሎ ይገባል። ፊት ለፊት እምቢ ማለት ለጀማሪ ከባድ በመሆኑ፣ የተሻለው መንገድ ጥያቄውን ጆርናሉ ወደሚያስሞላው ቅጽ ማዞር ይመስለኛል። አሁን ብዙ ጆርናሎች «ክሬዲት» በተባለው፣ ድርሻን በ14 ዓይነት በሚከፍለው ሥርዓት መሠረት እያንዳንዱ ደራሲ ምን እንደሠራ እንዲገለጽ ይጠይቃሉ። ይህን የድርሻ ሠንጠረዥ ይዘው ይግቡና «ፕሮፌሰር፣ ጆርናሉ የእያንዳንዳችንን ድርሻ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ በስምዎ ትይዩ ምን ብዬ ልሙላ?» ብለው በአክብሮት ይጠይቁ። የሚሞላ ነገር ካለ ይሞላል፤ ከሌለም ቅጹ ራሱ እምቢ ይልልዎታል።

በስጦታ የገባ ስም ለባለቤቱም ቢሆን ዕዳ ነው። ደቡብ ኮሪያዊው ተመራማሪ ህዋንግ ዉ ሱክ እ.ኤ.አ. በ2005 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተመው የስቴም ሴል (ወደ ሌሎች የሰውነት ሕዋሳት ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ) ጥናት 25 ደራሲዎች ነበሩት፤ መረጃው የፈጠራ ሆኖ ስለተገኘ በጥር 2006 ተሻረ። በዝርዝሩ መጨረሻ በከፍተኛ ደራሲነት የሰፈሩት አሜሪካዊው ጄራልድ ሻተን በፈጠራው እጃቸው እንደሌለበት የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ አጣሪ ቡድን ቢያረጋግጥም፣ ስማቸውን ያኖሩበትን ሥራ በአግባቡ ባለመመርመራቸው ከወቀሳ አላመለጡም። ቻትጂፒቲን የመሰሉ መሣሪያዎች በደራሲነት እንዳይመዘገቡ ዓለም አቀፉ የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወስን የሰጠው ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ማሽን ተጠያቂ ሊሆን አይችልም። መሣሪያውን ከተጠቀሙ ለምን እንደተጠቀሙበት በጽሑፉ ውስጥ ይግለጹ።

ስሙ ከተስተካከለ በኋላ ጆርናል ይምረጡ። «የተከበሩ ዶክተር» ብሎ ጀምሮ በሦስት ቀን ውስጥ ታትሞ እንደሚወጣ ቃል የሚገባ ኢሜይል ከደረሰዎት፣ ገና ዶክተር ካልሆኑ በተለይ፣ ይጠርጥሩ። ገምጋሚ ጽሑፉን አንብቦ አስተያየት የሚጽፍበት፣ እርስዎም የሚያርሙበት ጊዜ በሦስት ቀን አይገኝም። የአይ.ኤስ.ኤስ.ኤን. ቁጥርም የጥራት ማስረጃ አይደለም፤ መጽሔቱን ከሌላው የሚለይ መታወቂያ ብቻ ነው። በአዘጋጅነት የተዘረዘሩት ሰዎች በሚሠሩበት ተቋም ድረ ገጽ ላይም ይህንኑ ኃላፊነት ጠቅሰው እንደሆነ ይመልከቱ፤ ክፍያው አስቀድሞ በግልጽ መነገሩንም ያረጋግጡ።

ጽሑፉን በአንድ ጊዜ ለአንድ ጆርናል ብቻ ይላኩ። ለሁለት ልኮ የቀደመውን መቀበል፣ ያለ ክፍያ የሚያነቡ ገምጋሚዎችን ድካም ከንቱ ያደርጋል። ጽሑፉ ከመመረቂያ ሥራዎ የወጣ መሆኑንና ያ ሥራ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ የሚገኝ ከሆነም ይህንኑ ለአዘጋጁ በሚጽፉት ደብዳቤ ያሳውቁ። በእንግሊዝኛ የወጣውን በአማርኛ ደግሞ ማሳተም ይቻላል፤ የሁለቱንም መጽሔቶች አዘጋጆች ፈቃድ ማግኘትና በአማርኛው ቅጂ የመጀመሪያው የት እንደታተመ መጻፍ ግን ግድ ነው።

ከታተመ በኋላ ስሕተት ካገኙ፣ ሌላ ሰው እስኪያነሣው ሳይጠብቁ ለአዘጋጁ ይጻፉ። መደምደሚያውን የማይነካ የቁጥር ስሕተት በማረሚያ ይስተካከላል፤ መደምደሚያውን የሚያፈርስ ከሆነ ጽሑፉ ይሻራል። በቅንነት የተሠራን ስሕተት ራስ አስታውቆ ማሻር የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የተጻጻፊነት ኃላፊነት የወሰደው፣ ማለትም ከጆርናሉና ከአንባቢዎች ጋር የሚጻጻፈው ደራሲ የሚሰጠው ኢሜይል ከምረቃ በኋላ የሚዘጋ የተማሪ አድራሻ መሆን የለበትም። የጥናቱ ተሳታፊዎች የፈረሙባቸውን የስምምነት ቅጾች ወይም ጥሬ መረጃውን የሚጠይቅ ደብዳቤ ከዓመታት በኋላ ሲመጣ፣ የሚመጣው ወደዚያው አድራሻ ነው።